አማዴ አርዷን የት ተቀበረ? ስለ ኬጁንና ክሪዮል ሙዚቀኞች የከፈትኩት ክር

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ አርባ ሊደርስ ስለሆነና ብዙዎቻችሁ ከመሐል ስለገባችሁ፣ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በመክፈቻው ላይ የጻፍኩት ይህን ነው። ከሂዩስተን ሉዊዚያና ውስጥ ወዳለችው ላፋየት ጭነት አመላልሳለሁ። የቴክሳስን ድንበር ተሻግሬ ሌክ ቻርልስን ሳልፍ ሬዲዮው በፈረንሳይኛ መዝፈን ይጀምራል፤ አኮርዲዮን፣ ቫዮሊን፣ ከሁለቱ በላይ ደግሞ እንደ ለቅሶ የሚወጣ የሰው ድምፅ። አንድ ሌሊት የሰማሁት ዘፈን በጣም የቆየ ነበር፤ ሸክላው ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ግን ልብ ይበላል። ዘፋኙ አማዴ አርዷን ነው አሉ። ቤቴ ገብቼ ታሪኩን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። በ1898 የተወለደ ጥቁር ገበሬ ነው፤ ከ1929 እስከ 1934 ባለው ጊዜ 34 ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጿል፤ በኖቬምበር 1942 ፓይንቪል በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ፤ የተቀበረውም በሆስፒታሉ ግቢ፣ ስም ባልተጻፈበት የጋራ መቃብር ነው። ዛሬ በዚያ አገር አኮርዲዮን የሚያነሳ ሰው ሁሉ አውቆም ሳያውቅም ከእሱ ወስዷል። ታዲያ መቃብሩ እንኳ ያልተለየ ሰው ሙዚቃው በምን ተረፈ? በሸክላው ነው ወይስ በሰው? ብዬ ጠየቅሁ። እኔ በሰው ነው ብዬ እንደማምንም አልደበቅሁም። ርዕሱን የሰጠሁት “ስለ ኬጁን ሙዚቀኞች” ብዬ ነበር፤ በዚህ የደረሰብኝን ወረድ ብላችሁ ታገኛላችሁ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው ላፋየት ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህታችን ናት። ሰላምታዋን አስቀድማ እኔ የዘለልኩትን ታሪክ ሞላችልኝ። ኬጁን የሚለው ስም አካዲያን ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። አካዲያ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አካባቢ የነበረ አገር ነው፤ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎቹን ከየቤታቸው እያወጡ በመርከብ በተኗቸው። ከተበተኑት ከፊሎቹ ዓመታት ተንከራትተው ሉዊዚያና ደረሱ፣ ረግረጉና ሜዳው ላይ ሰፈሩ፣ ቋንቋቸውንም ይዘው ኖሩ። በ1921 የወጣው የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ግን ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን አለ፤ በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ ያመለጠው ልጅ ይገረፍ፣ በበቆሎ ፍሬ ላይም ይንበረከክ ነበር። እህታችን ይህን በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። የምትንከባከባቸው አንዲት እናት ዕድሜያቸው ከገፋ ወዲህ እንግሊዝኛው እየጠፋባቸው ነው፤ ማታ ልብሳቸውን ስትቀይርላቸው በፈረንሳይኛ ያንጎራጉራሉ። በር ሲንኳኳ ግን ወዲያው ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ ከየት እንደተማሩት ሳትጠይቃቸው ገብቷታል።

2ኛው መልስ ምስጋና ብቻ ነው። 3ኛው ግን ከበድ አለ። ኦክላንድ የሚኖር ወንድማችን ርዕሴን አይቶ ተቆጣ። አርዷን ኬጁን አልነበረም፤ ክሪዮል ነው። ኬጁን የሚባሉት ከአካዲያ የመጡት ነጮች ልጆች ናቸው፤ ክሪዮል ብለው ራሳቸውን የሚጠሩት ደግሞ በዚያው ሜዳ ላይ ጥጥና ሩዝ ሲያርሱ የኖሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮች ናቸው። በኋላ ክሊፍተን ሼኒዬ በዓለም ያስተዋወቀው ዛይዲኮ የሚባለው የአኮርዲዮን ሙዚቃ የወጣው ከነዚህ ቤት ነው። አንድን ሰው በሕይወት ሳለ ከጠረጴዛው አባርሮ ሲሞት ከራስ ወገን መቁጠር ሁለተኛ ግፍ ነው አለኝ። አነጋገሩ ቢመርም እውነቱን ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ርዕሱን አሁን እንደምታዩት አስተካከልኩ።

ከዳላስ በ4ኛው መልስ የመጡት ጋሼ (በዕድሜም በእውቀትም ስለሚበልጡን ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) ነገሩን ለማብረድ ሞከሩ። አርዷን አብዛኛውን ሥራውን የቀረጸው ከዴኒስ መጊ ጋር ነው፤ መጊ ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ሁለቱም በአንድ ባለርስት መሬት ላይ የእኩል አራሽ ነበሩ። በዲሴምበር 1929 ኒው ኦርሊንስ ሄደው ጎን ለጎን ተቀምጠው ተቀረጹ፤ ዘር በለየበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም አሉ። የኦክላንዱ በ5ኛው መልስ ወዲያው ተመለሰ፤ አብሮ መጫወትና አብሮ መብላት ለየቅል ነው፤ አርዷን በነጮች ጭፈራ ቤት ሲጫወት ለማምለጥ እንዲመቸው መስኮት አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ይነገራል፣ ጋሼ ይህን ለምን ዘለሉት ሲል ሞገታቸው። ጋሼ አልተቀየሙም። መዝለል እንዳልነበረባቸው በሁለት መስመር አመኑ።

6ኛው መልስ ላይ የመሐረቡ ታሪክ መጣ፤ ከዚህ በኋላ ክሩ እንደቀድሞው አልሆነም። ታሪኩን ያመጣው ልጅ እንደ ፊልም ነው የተረከው። አርዷን በነጮች ቤት ሲጫወት ላብ አጠመቀው፤ የባለቤቱ ልጅ መሐረቧን አዋሰችው፣ ፊቱን ጠረገ። ይህን ያዩ ሁለት ሰዎች ሲወጣ ጠብቀው ደበደቡት፣ በመኪናም ሄዱበት፤ ከዚያ ወዲያ አእምሮው አልተመለሰም። 7ኛውን የጻፈው አትላንታ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ነው፤ ተው ቀስ በሉ አለ። ታሪኩ በየአፉ ይለያያል፤ መጊ ራሱ ሌላ ሙዚቀኛ ቀንቶበት መርዝ አበላው ብሎ ነው የሚያምነው፤ በወረቀት ተጽፎ የምናገኘው ሆስፒታል መግባቱንና መሞቱን ነው። 8ኛው መልስ ይህን ሲያነብ ነደደ። እንዲህ እየተጠነቀቅን፣ እንዲህ ወረቀት እየጠየቅን ስንቱ ግፍ ተድበሰበሰ ብሎ ጮኸ፤ ደብዳቢ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ እስከማለት ደረሰ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ዝም አለ።

እዚህ ላይ እኔ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። የቤተ መጻሕፍቱ ወንድማችን ሥራውን ነው የሠራ። ነገር ግን የመሐረቡን ታሪክ ካቆዩት አንዱ ካንሬ ፎንቴኖ ነው፤ ታላቅ ክሪዮል ቫዮሊን ተጫዋች፣ አባቱም የአርዷን ዘመን አኮርዲዮን ተጫዋች የነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ከቤቱ ይዞት የወጣውን ወሬ እንደ ተረት አልቆጥረውም። የተነገረውን እንደተነገረ፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ አድርገን ሁለቱንም እንያዝ ብዬ በ9ኛው ላይ ጻፍኩ። ቤተሰቦቹ አፅሙን ወደ አገሩ ለመመለስ ፈልገው መቃብሩ ሊለይ አልቻለም፤ በ2018 ኦፔሉሳስ አጠገብ ሐውልት ቆመለት። ፎቶውም አንድ ነው የሚታወቀው። አንድ ፎቶና 34 ዘፈን፤ የቀረን ይኸው ነው።

ይህን “34 ዘፈን” ያልኩትን ይዘው የዳላሱ ጋሼ በ10ኛው መልስ ከሥር ነቀሉኝ፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተከራከርኩበትም ይህ መልስ ነው። ሙዚቃው በሰው ነው የተረፈ ትላለህ፤ አይሪ ለጁንን ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? አሉ። አይሪ በ1928 ቸርች ፖይንት አጠገብ የተወለደ፣ ዐይኑ እጅግ የደከመ ልጅ ነው፤ እርሻ መሥራት ስለማይችል ቀኑን በሙሉ አኮርዲዮን ይዞ ይውላል። የአርዷንን ሸክላዎች እየሰማ ነው ያደገው። እሱ ሲጎለምስ አኮርዲዮን ከፋሽን ወጥቶ ነበር፤ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጭፈራ ቤቱን የያዙት የቴክሳስን ዘፈን የሚከተሉ የቫዮሊንና የጊታር ቡድኖች ናቸው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ከጀርመን ይመጣ የነበረውን አኮርዲዮን አስቀረ። አይሪ መሣሪያውን በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ ከጭፈራ ቤት ጭፈራ ቤት ይሄድ ነበር ይባላል። በ1948 እዚሁ እኛ ሂዩስተን መጥቶ አንድ ዋልዝ ቀረጸ። ከጦርነቱ የተመለሱት ወታደሮች ሲሰሙት የናፈቁት ቤታቸው ትዝ አላቸው፣ አኮርዲዮንም ተመለሰ። በኦክቶበር 1955 ከጭፈራ ሲመለስ መንገድ ዳር ጎማ በመቀየር ላይ ሳሉ መኪና ገጨው። 26 ዓመቱ ነበር። ሸክላው ባይኖር የሞተው አርዷን ዐይነ ስውሩን ልጅ በምን ያስተምረው ነበር? ሲሉ ጋሼ ደመደሙ።

ሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁም፤ አስቤበት ነው። በ12ኛው የጻፍኩት ይህ ነው፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሸክላው ባይኖር አይሪ አይኖርም። ግን አይሪ ዘመዱ አንጀላስ ለጁን ወደ እርሻ ሲወጣ ቤቱ እየሄደ በእሱ አኮርዲዮን ይለማመድ ነበር፤ አንጀላስ ራሱ በ1929 የተቀረጸ ተጫዋች ነው። ሸክላው ዜማውን አሳየው፤ መሣሪያውን አምኖ የሰጠው ግን ሰው ነው። ጋሼ ይህን በከፊል ተቀበሉ፣ በከፊል ደግሞ ግትር ነህ አሉኝ።

ከ13ኛው እስከ 18ኛው ያሉት መልሶች ምግብ ላይ ወደቁ። ጉምቦ የሚባለው የዚያ አገር ወጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሩዙ መቼ እንደሚጨመር፣ ቡዳን የሚባለው የተሞላ አንጀት ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋና ጉበት እንዳለበት፣ ስለዚህ የማይበላ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ የሚል ምክር። ከዚህ ሁሉ መሐል የላፋየቷ እህታችን የጻፈችው አንድ ነገር ግን ወደ ጉዳዩ መለሰን። ኬጁኖቹም ክሪዮሎቹም በአብዛኛው ካቶሊኮች ናቸው፤ ድሮ ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም መሣሪያ አይነካም፣ ጭፈራ ቤትም ይዘጋል። ክሪዮሎቹ በዚያ ወቅት ጁሬ የሚባል ዜማ ነበራቸው፤ መሣሪያ የለበትም፣ በጭብጨባና በእግር ምት ብቻ ነው። በ1934 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ጆን ሎማክስና የ19 ዓመት ልጁ አለን በመኪና ከባድ የመቅረጫ ማሽን ጭነው ደቡብ ሉዊዚያናን ሲዞሩ ይህን ቀርጸውታል፤ ቅጂው በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሁዳዴ ሲገባ መሰንቆ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አንድ አንባቢ ዛይዲኮ የሚለው ስም ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ባቄላው ጨው የለውም ከሚል የድሮ የፈረንሳይኛ ስንኝ ነው የሚባለው፤ ጨው የሌለው ለምን ቢባል የሚጨመርበት ጨው ያለው ሥጋ በድህነት ስለጠፋ ነው።

19ኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘ። ጸሐፊው ከዚህ በፊት ያላየነው ሰው ነው፤ ምንም ሰላምታ ሳያስቀድም ገባ። የገዛ አገራችን ሽማግሌዎች ዜማቸውን ይዘው በየቀኑ እየተቀበሩ እናንተ ለፈረንጅ ገበሬ ታለቅሳላችሁ፣ አሳፋሪ ነው አለ። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ሰደቡት፤ አወያዩ ሁለቱን አነሳቸው። እኔ ግን ሰውየው የልቡን ነው የተናገረው ብዬ አምናለሁ፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። በ23ኛው መልስ ከሜሪላንድ አንዲት እህት ያቀረበችው ነገር ከስድብ ይሻል ነበር። አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ፣ የዋልያስ ባንዱ፣ በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ የድሮ ዜማዎችን በአኮርዲዮን ቀርጸው ካሴት አወጡ፤ ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመና ዓለም አደመጣቸው፣ ወደ መድረክም ተመለሱ። አኮርዲዮን የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ይህን ይስማ፤ የአንዱን ሕዝብ ሽማግሌ ማክበር የሌላውን መርሳት አይደለም አለች። የ19ኛው ሰው መልስ አልሰጠም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የአያቱን የበገና ድምፅ በስልክ እንዴት በጥራት መቅረጽ እንደሚቻል ሊጠይቅ መጣ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ወንድማችን ረጅምና ትዕግሥት ያለበት መልስ ሰጠው።

24ኛው መልስ የእኔን ሐሳብ ከማንም በላይ ደገፈ። ጸሐፊው ልጅ ሳለ አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ እንደነበር፣ አጎቱ መሰንቆ ይዞ ሲመጣ ቤተሰቡ እንግዳ ፊት ያፍር እንደነበር ተናገረ። ከዚያ የኬጁኑን ቫዮሊን ተጫዋች የዱዊ ባልፋን ታሪክ አመጣ። ኬጁኖቹም በራሳቸው ሙዚቃ ያፍሩ ነበር፤ ቻንኪ ቻንክ ብለው ይንቁት ነበር። በ1964 ዱዊ ባልፋን ጨምሮ ሦስት ተጫዋቾች ኒውፖርት ወደሚደረገው የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል ሲጠሩ፣ በአገራቸው የሚታተም አንድ ጋዜጣ እንዲህ ያለውን ጫጫታ ይዘው ወጥተው ሊያዋርዱን ነው እያለ አላገጠባቸው። ዱዊ የሄደው በመጨረሻ ሰዓት የጎደለ ሰው ተክቶ፣ ጊታር ይዞ ነው። ሲጫወት ከሁለት መቶ በላይ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር፤ ኒውፖርት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበ። አገሩ ተመለሰና የዚያን ጭብጨባ ማሚቶ ወደ ቤት አመጣዋለሁ ብሎ ተነሳ። ተራ ሰው ነበር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፣ የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ግን በየክፍሉ እየገባ ለልጆች ቫዮሊን ይጫወት ጀመር። በማርች 26 ቀን 1974 ላፋየት ውስጥ ለዚህ ሙዚቃ ብቻ የተዘጋጀ ኮንሰርት ሲደረግ፣ ያን ሁሉ ዝናብ ችሎ 12,000 ሰው መጣ። በ1979 ሁለቱ ወንድሞቹ ዊልና ሮድኒ በአንድ የመኪና አደጋ ሞቱበት፤ ዱዊ ግን እስከ 1992 ሞቱ ድረስ ማስተማሩን አልተወም። ልጁ ክሪስቲን ዛሬም ትጫወታለች።

የትምህርት ቤቱን ነገር ሳነብ የላፋየቷን እናት አሰብኩ። ፈረንሳይኛ የተገረፈበት ክፍል ውስጥ ያው ፈረንሳይኛ በቫዮሊን ታጅቦ ሲገባ! ዱዊን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ስለ “ኦሪጅናል” ነው፤ ወጣቶቹና ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። 26ኛው የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ የገባበት ሁሉ ኬጁን አይደለም ብሎ ቆርጦ ተናገረ። 27ኛው መልስ የአንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ይህን ሐሳብ በአንድ ምሳሌ አፈረሰው። ሃክቤሪ ራምብለርስ የሚባሉት ገና በ1930ዎቹ ድምፅ ማጉያ ይጠቀሙ ነበር፤ ጭፈራ ቤቱ መብራት ስላልነበረው ውጭ የቆመች ፎርድ መኪና ሞተሯን አስነስተው ከእሷ ኃይል ይወስዱ ነበር። ኦሪጅናሉ የቱ ነው? ከመኪናዋ በፊት ያለው ወይስ በኋላ ያለው? አኮርዲዮኑ ራሱ ከጀርመን ነው የመጣ! የ26ኛው ጸሐፊ ልጁን አፍህን ዝጋ እስከማለት ደረሰ፣ አወያዩም አስጠነቀቀው። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ሕያው ሙዚቃ ይለወጣል። ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ የዚያ ዜማ ጩኸት፣ ያ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ ከፍታ፣ የመጣው ማይክሮፎን ሳይኖር የሚረግጥ ሕዝብ ላይ ለመሰማት ሲባል ነው። ዛሬ ማይክሮፎን ይዘው ለስለስ አድርገው የሚዘፍኑትን ስሰማ የሆነ ነገር ይጎድልብኛል።

29ኛው አጭርና ስለታም ነበር። ይህን ሁሉ ስታወሩ አንዲት ሴት አላነሳችሁም ያለችው እህት ክሊዮማ ብሮን አመጣችልን። በኤፕሪል 1928 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የመጀመሪያው የኬጁን ሸክላ ሲቀረጽ፣ ጆ ፋልኮን አኮርዲዮን ሲጫወት በጊታር ያጀበችው እሷ ናት፤ ወደ ላፋየት እንሂድ የሚለው ዘፈን ነው። ሊዘፍን የመጣው ሰው ስለፈራ ጆ ራሱ ዘፈነ። ሴት ጭፈራ ቤት ውስጥ መጫወቷ ዐይን በሚስብበት ዘመን ክሊዮማ ጊታር ይዛ መድረክ ላይ ወጥታለች፣ ዘፍናለች፣ በስሟም ቀርጻለች፤ በ1941 ሞተች። ደግሞ ጭፈራው ራሱ ፈይ ዶዶ የሚባለው ለምን እንደሆነ አስቡ አለች፤ እሹሩሩ፣ ተኛ ማለት ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን በጓዳው አስተኝተው ነው ወደ ጭፈራው የሚወጡት። ማንም አልተከራከራትም።

30ኛውና 31ኛው የተሰረዙ ናቸው፤ አንድ ሰው ሙሉ አልበም በነፃ አውርዱ ብሎ ለጥፎ ነበር፤ አወያዩ አነሳው። ልክ ነው። እነዚያ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከሸክላው ያገኙት ጥቂት ነው፤ ናታን አብሺር በ1949 ያወጣው ዘፈን በየጭፈራ ቤቱ ሲዘፈን እሱ ባዚል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ሥራ ይሠራ ነበር።

32ኛው መልስ ከዳላስ ነው፤ ጋሼ አይደሉም፣ መሰንቆ የሚሠራ ወጣት አናጢ ነው። አኮርዲዮኑ ምን ይመስላል፣ እንዴት ነው የሚሠራ ብሎ በእጅ ባለሙያ ዐይን ጠየቀ። ዩኒስ ከተማ ያየሁትን የተረኩለት በዚህ ምክንያት ነው።

አውራ ጎዳና 190 ዳር የማርክ ሳቯ የሙዚቃ መሣሪያ ቤት አለ፤ በ1966 የከፈተው ነው፤ አኮርዲዮን የሚሠራውም እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ወንበሩን እያመጣ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አኮርዲዮኑ ከጫማ ሳጥን ብዙም አይበልጥም። በቀኝ አሥር ቁልፍ፣ በግራ ሁለት ብቻ። መሐሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ይዘህ ስትገፋ አንድ ድምፅ፣ ስትስብ ሌላ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ ዜማውን የሚያገኘው በጣት ብቻ ሳይሆን በክንዱ ነው፤ ያ እረፍት የሌለው መወዝወዝ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቫዮሊኖቹ ከአኮርዲዮኑ ጋር ለመስማማት አውታራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቲ ፌር የሚሉት፣ ትንሿ ብረት ማለት ነው፣ ድሮ ከድርቆሽ መሰብሰቢያ ማሽን ጥርስ የታጠፈ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የሚመታው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ጊታር ይዞ ከአንድ ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ጣቱን የሚቀይርበትን ቦታ ሲስት ሽማግሌው ቃል አልተናገሩም፤ አገጫቸውን ትንሽ ቀና አደረጉለት። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ ልጁም ቀየረ። በሦስተኛው ዙር ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ልጁ ብቻውን ቀየረ። ጋሼ ግትር ነህ ቢሉኝም በሰው ነው የምለው ያን አገጭ ስላየሁ ነው፤ የትኛው ሸክላ ይህን ይይዛል?

ጋሼ በ34ኛው መልስ፣ እሺ ያ ሽማግሌስ ከማን ተማሩ፣ ጠይቀሃቸዋል? አሉ። ጠይቄያቸው ነበር። ከአባታቸውና፣ አባታቸው ከነበሯቸው የአይሪ ለጁን ሸክላዎች ብለውኛል። ይህን ሳልደብቅ ጻፍኩ፤ ጋሼም ደስ አላቸው።

35ኛው ስለ ሂዩስተን ነው፤ በ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ የተፈናቀሉ ክሪዮሎች ፍሬንችታውን በተባለው ሰፈር እንደሰፈሩ፣ አኮርዲዮናቸውንም ይዘው እንደመጡ አንድ የከተማችን ሰው አስታወሰን። በዚያ ሰፈር አጠገብ ስንት ጊዜ ጭነት አራግፌያለሁ!

የመጨረሻዎቹ መልሶች ጉዞ ማቀናጀት ሆኑ። በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ከሂዩስተን ወደ ዩኒስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን፤ ጋሼና አናጢው አርብ ማታ ከዳላስ መጥተው እኔ ቤት ያድራሉ፤ የኦክላንዱ ወንድማችን በአውሮፕላን ላፋየት ይገባል። መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል፤ የሚፈልግ ከሥር ይጻፍልኝ። አናጢው መሰንቆውን ይዞ መምጣት ይችል እንደሆነ በ37ኛው ጠየቀ። የላፋየቷ እህታችን መለሰችለት፦ ይዘህ ና፣ ጠዋት ግን መኪና ውስጥ ይቆይ፤ የሰው ቤት ነውና መጀመሪያ አዳምጥ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ናት፤ እናትየው እንግዳ እንደሚወዱ፣ ልጃቸውንም አስፈቅዳ እንደጨረሰች፣ መሰንቆውን ለእሳቸው ቢጫወትላቸው ደስ እንደሚላት ጻፈች። ስንደርስ ማንኳኳት እንደማያስፈልገንና በሩን እሷው ቀድማ ከፍታ እንደምትጠብቀን ነገረችን።